የመስታወት ዋጋ

መስታወት ቆራጩ አባቷ ወገባቸውን ታመው ከተኙ ጀምሮ፣ ወደ መስታወት ፋብሪካው ሽያጭ ክፍል እየሄደች ትዕዛዝ የምትሰጠው እሷ ነበረች። ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ወጣት የሰጠችውን ወረቀት አንብቦ ቀና አለ።

«አርባ ሁለት ነጥብ ሦስት?» አላት። «ሰው ሁሉ አርባ ሁለት ወይም አርባ ሦስት ነው የሚለው።»

«መስኮቱ አርባ ሁለት ነጥብ ሦስት ነዋ። እኔ ምን ላድርገው?»

ሳቁን ሊውጠው ሞከረ፣ አልቻለም። በሚቀጥለው ሳምንት ስትመጣ «ሚሊሜትር መጣች» ብሎ ተቀበላት። ከዚያ ወዲህ በሌላ ስም ጠርቷት አያውቅም።

እሱ የፋብሪካው ባለቤት የወንድም ልጅ ነው። አባቱ በሕፃንነቱ ስለሞቱ፣ አሳድገው፣ አስተምረው፣ ሽያጭ ክፍሉን ያስረከቡት አጎቱ ናቸው። የሥራ ባልደረቦቹ «ዝምተኛው» ይሉታል። ከእሷ ጋር ግን ወሬ አያልቅበትም ነበር። እሷም በስልክ የሚያልቀውን ትዕዛዝ በእግሯ ማድረስ ጀመረች። አባቷ ይህን ልብ ብለው፣ «ስልካችን ተበላሸ እንዴ?» ብለው ጠየቋት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «ኔትወርክ የለም» አለቻቸው።

ከሥራ ሲወጣ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ይሸኛት ጀመር። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ያሳልፉታል። ሁለተኛውንም እንደዚያው። እጇን ለመያዝ ሁለት ወር ፈጀበት፤ ከያዘ በኋላ ግን ለመልቀቅ ይቸገር ነበር።

አንድ ከሰዓት የመስታወት ዋጋ በዓመቱ ለሦስተኛ ጊዜ ጨመረ። ማቆሚያው ላይ ተቀምጠው ሳለ የልቧን ነገረችው።

«አባዬ ለሰፈር ሰው ዋጋ መጨመር አልሆንላቸው አለ። መስኮት የተሰበረበት ሰው ብርድ ላይ ነው ያለው ይላሉ። ለሆስፒታሉ ብቻ ነው የጨመሩት፤ እሱንም ሲያፍሩበት ሰነበቱ። እንዲህ ከቀጠለ ሠራተኞቻችንን ማሰናበታችን ነው።»

ጫማውን እያየ «አንድ የምነግርሽ ነገር አለ» አላት።

አውቶቡሱ መጣ። «ነገ ትነግረኛለህ» ብላው ገባች።

በነጋታው አልነገራትም። ከዚያ ወዲያም አልነገራትም። በዚያ ዓመት ከአባቷ ጋር ሃያ ዓመት የሠሩት ሁለት ሠራተኞች ተሰናበቱ።

ነገሩን ያወቀችው ከጋዜጣ ነው። የንግድ ውድድርን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት መርምሮ ደርሶበታል፦ ሦስቱ የመስታወት ፋብሪካዎች ለአምስት ዓመት በምስጢር እየተስማሙ ዋጋ ሲያንሩ ኖረዋል። መቀጫም ተጥሎባቸዋል። መቀጫው የሚገባው ለመንግሥት ነበር። አሥራ አራት መስታወት ቆራጮች ተሰብስበው አንድ ሽማግሌ ጠበቃ ዘንድ ሄዱ። ጠበቃው መነጽራቸውን አውልቀው፣ «የመንግሥት መቀጫ የእናንተን ጉዳት አይክስም፤ ሕጉ ግን እናንተው ራሳችሁ ከሳችሁ ካሳ እንድትጠይቁ ይፈቅዳል» አሏቸው። በአባቷ ውክልና ክሱ ላይ መጀመሪያ የፈረመችው እሷ ናት።

ከመፈረሟ በፊት ግን ወደ ሽያጭ ክፍሉ ሄዳ ነበር። አልተቀመጠችም።

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አንቺን ከማወቄ በፊት ጀምሮ።»

ቢዋሻት ይሻላት ነበር። በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች፤ እንባዋ የመጣው ከግቢው ከወጣች በኋላ ነው።

ሌላው የባሰ ነበር። የፋብሪካዎቹ የጽሑፍ መልስ ሲመጣ ጠበቃው አነበቡላት። ቆራጮቹ ጭማሪውን ሁሉ ወደ ደንበኞቻቸው አስተላልፈዋል፣ ስለዚህ የደረሰባቸው ጉዳት የለም ይላል። ለማስረጃም አንደኛው ከሳሽ አባቷ ለሆስፒታል በሸጡት መስታወት ላይ ዋጋ መጨመራቸውን ይጠቅሳል።

«ይህን ከየት አገኙት?» አሉ ጠበቃው።

ያንን ነገር ለአንድ ሰው ብቻ ነበር የተናገረችው። «ከኔ» አለች።

ምስክር እስኪሰማ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀ። ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር እሷ ከችሎቱ አዳራሽ በር ግራ፣ እሱ ከአጎቱ ጎን በስተቀኝ ይቀመጣሉ። በመካከላቸው አሥር እርምጃ የማይሞላ ኮሪደር ነበር። መጀመሪያ ላይ ላለማየት ትታገል ነበር። ኋላ ኋላ ከሱ በፊት ደርሳ ደረጃውን ሲወጣ ትጠብቀው ጀመር። ከስቷል። ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሰፍቶታል። ማን ይሆን ምሳ ብላ የሚለው ብላ ታስብና በራሷ ትናደዳለች። ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ ሁለቱም ቶሎ አያዞሩም፤ የችሎት አስከባሪው ስም እስኪጠራ እንደዚያው ይቆያሉ። ቀጠሮ ሲራዘም ሌሎቹ ቆራጮች ያማርራሉ። እሷ አብራ ታማርርና ልቧ ግን በሚቀጥለው ቀጠሮ እንደገና አየዋለሁ ይላል።

ምስክር የሚሰማበት ቀን ደረሰ። የዋጋ ደብዳቤዎቹ ላይ የወጣቱ ፊርማ ስላለ፣ ምስክር አድርገው የጠሩት የከሳሾች ጠበቃ ነበሩ። ቃለ መሐላ ፈጽሞ ቆመ።

«ዋጋውን የሚወስነው ማን ነበር?»

አጎቱን አያቸው። አጎቱ መሬት መሬት ያዩ ነበር።

«በየወሩ የመጀመሪያው ሰኞ ሦስቱ ባለቤቶች አጎቴ ቢሮ ይሰበሰቡ ነበር» አለ። «የተስማሙበትን የምጽፈው እኔ ነኝ። ደብዳቤዎቹ በአንድ ቀን ወጡ እንዳይባል ቀናቸውን የምለያየውም እኔ ነኝ።»

የተከሳሾች ጠበቃ ፈጥነው ተነሡ። «አንደኛው ከሳሽ ለሆስፒታሉ ዋጋ ጨምረዋል፤ አልጨመሩም?»

«ጨምረዋል። ለሌላው ሰው ግን አልጨመሩም። ለአጎቴ እራት ላይ ሁለቱንም ነው የነገርኳቸው። ሰውየው ደግ መሆናቸውን አውቀው ጭማሪውን እንዲተዉት ብዬ ነው። መልሱ ላይ የተጻፈው ግማሹ ብቻ ነው። ቢሆንም የነገረኝ ሰው አምኖኝ ነው። ለማንም ማውራት አልነበረብኝም።»

ይህን ሲል እሷን አላያትም። እሷ ግን ከፊቱ ዓይኗን አልነቀለችም። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ የጨበጠችው ቂም ከእጇ ሲወጣ ታወቃት፤ በቦታው የቀረው ናፍቆት ብቻ ነበር።

ከአዳራሹ ብቻውን ወጣ። በማግስቱ ከአጎቱ ቤት ልብሱን ይዞ ሄደ አሉ። ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ አልነበረም።

«ልፈልገው ነው» አለች ለጠበቃው።

«እስከ ፍርዱ ድረስ አይሆንም፣ ልጄ። ምስክሩን አገኘችው ከተባለ ቃሉን ጥቅም ገዝቶታል ይላሉ። ልጁ የከፈለበት ነገር ሁሉ ከንቱ ይቀራል።»

ሰባት ወር ጠበቀች። መስታወት ስትለካ ቁጥሩ ይጠፋባትና እንደገና ትለካለች። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ስትደርስ አካሄዷ ይለወጣል። አባቷ ያዩ ነበር፤ አንድ ቀን ራሳቸው ተነሥተው ሻይ አፍልተው አጠገቧ አስቀመጡላት።

ፍርዱ ለቆራጮቹ ሆነ። ፋብሪካዎቹ ካሳውን ከነወለዱ እንዲከፍሉ፣ ሆስፒታሉ የከፈለው ጭማሪ ግን እንዲቀነስ ተወሰነ። አባቷ «የሆስፒታሉ መቀነሱ ልክ ነው» አሉና ከተሰናበቱት ሠራተኞች አንደኛው ዘንድ ስልክ ደወሉ። ሌላኛው በሕይወት አልነበሩም።

ወሬውን የሚነግራት፣ ያለበትን የሚጠቁማት ሰው አጥታ ስትዞር፣ አንድ ረፋድ ላይ የሱቁ በር ተከፈተ። የገቡት አጎቱ ነበሩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። አባቷ ሳይነሡ ወንበር አሳዩአቸው።

«ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም፤ አልቆይም» አሉ። ቢሆንም ተቀመጡ። ወደ እሷ ዞሩ። «ልጁ የባለቤቴን ስልክ ያነሣል። የኔን አያነሣም። እውነቱን ለመናገር እኔም አልደወልኩለትም።» ከኪሳቸው አድራሻ የተጻፈበት ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «እኔ ላክሁሽ እንዳትዪው። ከጠየቀሽ ግን፣ ደህና ናቸው በዪው።»

«ደህና ነዎት?» አለቻቸው።

«አይደለሁም» ብለው ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ።

በማግስቱ በጠዋት አውቶቡስ ተሳፈረች። የወረቀቱ አድራሻ በር እና መስኮት የሚሠራበት አንድ ትንሽ ግቢ አደረሳት። ዝምተኛው በረንዳው ላይ ጎንበስ ብሎ መስታወት ይቆርጣል። ሁለት ጣቶቹ በጨርቅ ተጠቅልለዋል። ቀና ሲል አያት፤ መቁረጫው ገና በእጁ ነበር።

«አያያዝህ ልክ አይደለም» አለችው። «ለዚህ ነው የሚቆርጥህ።»

«የሚያሳየኝ ሰው የለም።»

«ለምን አልደወልክም?»

«ፍርድ እስኪሰጥ ፈራሁ። ከፍርዱ በኋላ ደግሞ ምን ብዬ ልደውል? ያከሰርኳችሁ እኔ፣ ያወራሁት እኔ። ስልኩን አነሣና የምለው ይጠፋኛል።»

«እንዴት ዋልሽ አይባልም?»

መስታወቱን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስተኛው። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«እንዴት ዋልሽ?»

«ደክሞኛል» አለች። «አራት ሰዓት ሙሉ ቆሜ ነው የመጣሁት። አጎትህ ደህና አይደሉም፣ እንድነግርህ ግን አልፈለጉም። እኔም ደህና አልነበርኩም።»

ወንበር አመጣላት። የመስታወት ስብርባሪ እንዳይኖርበት ሁለት ጊዜ በእጅጌው ጠረገው፤ ከዚያ እሱ መሬት ላይ ተቀመጠ። የተጠቀለለ እጁን ወስዳ ጭኗ ላይ አድርጋ ጨርቁን መፍታት ጀመረች፤ አስተሳሰሩ አላማራትም ነበር። የመመለሻው አውቶቡስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥሩምባውን ነፍቶ ሲነሣ ሁለቱም ሰሙት፤ እሷ ግን ከወንበሯ አልተነሣችም።