የሐርሞ ግድብ ሰባተኛው ዛፍ

ክረምቱ ሊገባ ሃያ ቀን ሲቀረው፣ ከሐርሞ ግድብ እግር ሥር የሚወጣው ምንጭ ደፈረሰ።

በራምዛ መንግሥት እንዲህ ያለውን ነገር የሚመዘግብ ጸሐፊ የለም። የቤተ መንግሥቱ አዝማሪዎች ስለ ሰይፍ እንጂ ስለ አፈር ክምር አይዘፍኑም። ሐርሞ ደግሞ ከአፈር ክምር ብዙም አይበልጥም፤ ከዳር እስከ ዳር ሁለት መቶ እርምጃ ነው፤ ከጀርባው ትንሽ ሐይቅ ተሸክሞ ዘመናትን የቆመ ደካማ ሽማግሌ። ነገር ግን ከሥሩ አራት መቶ ቤት አለ፤ አራት መቶውም ቤት የሚበላው ሐርሞ ያጠጣውን ነው።

የአፈር ግድብ ትንሽ ትንሽ ያልበዋል፤ ይህ አያስፈራም። ላቡ ኩልል ያለ እስከሆነ ድረስ የሚወጣው ውሃ ብቻ ነው። ሲደፈርስ ግን የግድቡን ሆድ ዕቃ ይዞ እየወጣ ነው ማለት ነው። ይህን በሐርሞ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል።

መጀመሪያ ያየችው ጠባቂዋ ውብርስት ነበረች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጠባቂነቱን ከአባቷ ከመርዕድ ከወረሰች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ዘወትር ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የግድቡን እግር ዞራ ታያለች፤ ከዚያም ወደ አናቱ ወጥታ ያየችውን ለአባቷ ትነግረዋለች።

አባቷ ሞቷል። በሐርሞ ግን የሞተ ጠባቂ ይተከላል እንጂ ተቀብሮ ብቻ አይቀርም። ደረቱ ላይ የቃል ዛፍ ዘር አኑረው በግድቡ አናት ያሳርፉታል። ዘሩ በዓመቱ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ በሁለተኛው ዓመት በሟቹ ድምፅ ይናገራል፤ የሚናገረውም ለልጁ ብቻ ነው። ልጁም በተራው ሲሞት ዛፉ ይደርቃል። በአናቱ ላይ ስድስት የደረቁ ግንዶች ተሰልፈዋል፤ ሰባተኛው፣ ለምለሙ፣ መርዕድ ነው።

«ውሃው እንዴት ዋለ?» ይላታል ሁልጊዜ።

«ኩልል ብሎ ዋለ፣ አባባ» ትለዋለች።

ያን ዕለት ግን ዝም አለች። ዛፉም ጥያቄውን አልደገመም። ያኔውኑ ልትጠረጥር ይገባት ነበር፤ ነገር ግን አባቱን የሚጠረጥር ማን ነው?

በማግስቱ ሕዝቡ በግድቡ ሥር ተሰበሰበ። የውሃ ዳኛው ዋሴ በትሩን ተደግፎ ተነሣ።

«የሐርሞ ልጆች ሆይ! ቁስሉን ቆፍረን በጭቃ ካልደፈንነው የክረምቱ ጎርፍ ሁላችንንም ይዞን ይሄዳል። ሐይቁ ሳይወርድ ግን አይቆፈርም። ሐይቁን የሚያወርደው የታችኛው በር ነው፤ በሩን የሚከፍተው የነሐስ ዘንግ ደግሞ ከተሰረቀ አራት ዓመቱ። የሰረቀችውን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ!»

ሁሉም ያውቃታል። የአሸዋ እመቤት ሳምራት ናት። ከጨው ሜዳ ማዶ በደረቀ ባሕር ላይ ዙፋኗን ዘርግታ ተቀምጣለች፤ ውሃ የሚባል ነገር ከምድር ሲጠፋ ከማየት የበለጠ ደስታ የላትም። መርዕድም በሕይወት ሳለ ዘንጉን የወሰደችው እርሷ መሆኗን በገዛ አፉ ተናግሮ ነበር።

ውብርስት ከግድቡ አንድ እፍኝ አፈር አነሣች።

«እኔ ውብርስት መርዕድ በዚህ አፈር እምላለሁ! ዘንጉን ሳልይዝ አልመለስም። የዚህ ግድብ ቁስል እስኪደርቅ ድረስ ለራሴ ብዬ የማስቀረው አንዳች ነገር አይኖርም!»

ሕዝቡ እልል አለ። መሐላ ሲሰማ የማይጮህ ሕዝብ የለም፤ አብሮ ለመሄድ የተነሣው ግን ጓንጉል ብቻ ነበር። ሦስት ጦርነት የዘመተ ሽማግሌ ወታደር ነው፤ አንድ ጉልበቱ አይታጠፍለትም፣ ምላሱ ግን ለቀልድ በደንብ ይታጠፍለታል። ስንቃቸውን የተሸከመው ኩርፌ የሚባለው ባለ ስድስት እግር ጋማ ከብቱ ነው፤ ካላመሰገኑት ንቅንቅ አይልም።

«ምነው ጋሼ ጓንጉል፣ ሌላ እንስሳ አጣህ?» አለችው በሁለተኛው ቀን፣ ኩርፌ መንገድ መሃል ሲቆምባቸው።

«እኔም ሚስቴም እንዲህ ነን፤ ለምጄዋለሁ። በይ አመስግኚውና እንሂድ።»

የጨው ሜዳው ሰባት ቀን ፈጀባቸው። ከንፈራቸው ተሰነጠቀ፤ ከአራተኛው ቀን በኋላ ማውራትም ደከማቸው። በመጨረሻው የውሃ ጉድጓድ አጠገብ የጨው ተኩላዎች ወረሯቸው፤ አጥንት የመሰለ ነጭ ቆዳ ያላቸው፣ ጥማቸውን በደም የሚያስታግሡ አራዊት ናቸው። ጓንጉል ጦሩ እስኪሰበር ተዋጋ። ሲሸሹለት ግራ እጁን በጨርቅ ጠቀለለ።

«ምን ሆንክ?» አለችው ደንግጣ።

«ሁለት ጣት ነው። አካፋ ለመያዝ ስምንቱ ይበቃኛል።»

ሳምራት ስትቀበላቸው ከዙፋኗ እንኳ አልተነሣችም። ፊቷ እንደ ደረቀ የኩሬ ወለል ተሰነጣጥቋል። ዘንጉ ከጭኗ ላይ ተጋድሟል። ውብርስት ቢላዋዋን መዘዘች።

«የሰረቅሽውን መልሺ!»

«እኔ?» ሳምራት ሳቀች። «ልጄ፣ እኔ ከዚህ ዙፋን ከተነሣሁ መቶ ዓመቴ ነው። አባትሽ በእግሩ መጥቶ፣ አሁን አንቺ በቆምሽበት ቆሞ፣ በሁለት እጁ ነው የሰጠኝ። ‹ማንም እንዳያገኘው› ብሎ ለመነኝ።»

«ውሸትሽን ነው!»

«ሂጂና ራሱን ጠይቂው፤ ይናገር የለ?» ዘንጉን ከውብርስት እግር ሥር ወረወረችው። «ውሰጂው። አንቺም እንደ እርሱ ትመልሺልኛለሽ፤ እኔ ለመጠበቅ አልቸኩልም።»

እንግዲህ ያለ ጦርነት አገኙት። ውብርስት ግን በመመለሻው ሰባት ቀን ሁሉ ምነው ተዋግቼ በቆሰልኩ እያለች ተመኘች። ጓንጉልም ነገሩ ገብቶት አላናገራትም፤ ኩርፌን ብቻ በየመንገዱ ያመሰግናል።

ክረምቱ ሊገባ ስድስት ቀን ሲቀረው ደረሱ። ወደ አናቱ አልወጣችም፤ ቀጥታ ወደ ታችኛው በር ወረደች። ዘንጉ ተሰክቶ ሲዞር በሩ አቃሰተ፤ የሐይቁም ውሃ እየተምዘገዘገ ወጣ። ለሁለት ቀን ሕዝቡ ዳር ቆሞ ውሃው ሲሄድ ተመለከተ። ዘንግ ስላመጣች ያመሰገናት ሰው ጥቂት ነው፤ ውሃ ስለሚያጣው የሽንኩርት ማሳው ያጉረመረመው ብዙ ነው።

በሦስተኛው ቀን ቆፈሩ። ከስድስቱ ደረቅ ግንዶች ሥር ስድስት ዋሻ ተገኘ፤ ሥራቸው በስብሶ ባዶ ቱቦ ትቷል። በየባዶው ቱቦ ውስጥ ደግሞ አንድ ሕያው ሥር ውሃ ፍለጋ ገብቶ፣ አፈሩን እየሰነጠቀ እስከ ግድቡ እግር ወርዷል። የሰባተኛው ዛፍ ሥር ነበር።

ዋሴ አካፋውን አስቀመጠ። ሁሉም ወደ ውብርስት ተመለከተ። እርሷም መጥረቢያ ይዛ ወደ አናቱ ወጣች።

«ዘንጉን አንተ ነህ የሰጠሃት?»

ቅጠሎቹ ተንሿሹ።

«እኔ ነኝ» አለ ዛፉ። «ምንጩ በእኔም ጊዜ አንድ ሰሞን ደፍርሶ ነበር። ሐይቁ ከወረደ መቆፈሩ፣ ከተቆፈረ የአባቴ ዛፍ መነቀሉ እንደማይቀር አወቅሁ። ድምፁን ማጣት አቃተኝ። ከዚያ ምንጩ ጠራ፤ ‹ይኸው ዳነ› ብዬ ራሴን አታለልኩ።»

«አራት መቶ ቤት ነው እኮ፣ አባባ።»

«አውቃለሁ። ጭሱን ጠዋት ጠዋት ከዚህ ሆኜ አየዋለሁ። አፍራለሁ፣ ልጄ።»

ውብርስት መጥረቢያውን ተደግፋ አለቀሰች። አሥራ አራት ቀን በጨው ላይ ተጉዛ ያላለቀሰችውን ሁሉ ያኔ አለቀሰችው።

«ተናድጄብሃለሁ» አለችው። «ደግሞም ትናፍቀኛለህ። የትኛውን ላድርግ?»

«ሁለቱንም ይዘሽ ቁረጪ። ግንዱን ብቻ ቆርጠሽ እንዳትተዪ፤ ሥሬን እስከ ጫፉ አውጪው። አንዲት ክር ከቀረች ትበሰብስና መልሳ ቀዳዳ ትሆናለች። ጭቃውንም ስስ ስስ አድርጋችሁ አንዱን ንብር በሌላው ላይ እያነባበራችሁ ርገጡት፤ አንዴ ከምራችሁ አትሂዱ።»

«እሺ፣ አባባ።»

«ውሃው እንዴት ዋለ?»

«ደፍርሶ ዋለ» አለችው፤ ምንጩ የደፈረሰ ዕለት ሳትነግረው የቀረችውን አሁን ነገረችው። ከዚያም መጥረቢያውን አነሣች።

ዛፉ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ሥር ሲነቅሉ፣ ጥቁር ጭቃ ሲያፈሱ፣ ሰውም በሬውም ኩርፌም ሲረግጡ ሰነበቱ። ጓንጉል በስምንት ጣቱ ከጎረምሶቹ እኩል ቆፈረ። የመጨረሻው ንብር ተረግጦ ሲያልቅ የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ።

ጎርፉ መጣ፤ ሐርሞ ግን ቆመ። ዋሴም በግድቡ አናት ላይ ከሣር በቀር ምንም እንዳይተከል አዋጅ አስነገረ። ክረምቱ ሲወጣ ከቤተ መንግሥት አንድ አዝማሪ መጣ፤ ስለ ጨው ሜዳው ዘመቻ ሰምቶ ኖሮ ግጥም ሊሠራ።

«ስንት አውሬ ገደላችሁ?» ሲል ጓንጉልን ጠየቀው።

«አንድ ዛፍ» አለው ጓንጉል።

አዝማሪው እንደተቀለደበት ቆጥሮ ተቀየመና መሰንቆውን አንግቶ ሄደ።

ያን ዕለትም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ውብርስት የግድቡን እግር ዞራ አየች። በምንጩ ሥር ያሉት ጠጠሮች አንድ በአንድ ይታያሉ። ወደ አናቱ ወጥታ፣ ሣሩ ገና ባልሸፈነው ሰባተኛው ቦታ አጠገብ ተቀመጠች። ደክሟታል። የሚጠይቃት ድምፅ ግን የለም።

«ኩልል ብሎ ዋለ፣ አባባ» አለች።

ጥቂት ጠበቀች፤ ከዚያም ተነሥታ ወደ ቤቷ ወረደች።