የሹሙ ረመጥ

በወደብ ከተማዋ በኪሉንግ ቆሻሻ መሬት አይነካም። የቆሻሻ መኪናው በሰዓቱ ዜማውን እያሰማ ወደ ሰፈሩ ይወጣል፤ ሰውም ከረጢቱን አንጠልጥሎ ይመጣና በገዛ እጁ ይጥላል። ቀደም ብሎ አውጥቶ ደጃፍ ላይ መከመር ነውር ነው። መኪናው ያመለጠው ሰው ከነዓሣ አጥንቱ ያድራታል። ስለዚህ ዜማው በተሰማ ቁጥር ጎረምሳውም አሮጊቷም የሚበሉትን ትተው በነጠላ ጫማ ሲሮጡ ላየ፣ ከሩቅ አገር ዘመድ የመጣላቸው ይመስለዋል።

ከወደቡ በላይ፣ ኮረብታው ሥር ባለችው ጠባብ ሰፈር ግን ከመኪናው ቀድሞ የሚደርስ አንድ ሰው ነበር፤ የሰፈሩ ሹም ጂያን ዳፉ። ሦስት ጊዜ ተመርጧል። በየማታው ቆቡን ደፍቶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መኪናው የሚቆምበት ጥግ ላይ ይገተርና የሰው ከረጢት ይመረምራል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የወተት ካርቶን ነው፣ ሹም።»

«ታጥቧል?»

«እ... ትንሽ ለቅለቅ አድርጌዋለሁ።»

«ለቅለቅ ብሎ መታጠብ የለም! ተመለሽና እጠቢ!»

አንድ ቀንማ የዓሣ ነጋዴዋን የባኦጁን ከረጢት ሕዝብ ፊት ዘርግፎ፣ የሾርባ ትርፍና የላስቲክ ጓንት አንድ ላይ ቢያገኝ፣ ሴትዮዋን እንደ ሌባ አቁሞ አዋርዷታል። እውነቱን እንናገር ከተባለ ሥራው መጥፎ አልነበረም። ጠርሙሱ ከቆርቆሮው፣ ጥሬው የጓዳ ትርፍ ከበሰለው ተለይቶ የሚወጣው በእሱ ቁጣ ነው። ግን ጠንቋይ ለራሱ አያውቅም ይባል የለ? የገዛ ቤቱን ከረጢት ሹሙ በእጁ ነክቶ አያውቅም።

የምታወጣው ሱሚያቲ ናት። ከጃቫ ደሴት መጥታ የሹሙን እናት ስታስታምም አራት ዓመት ሆኗታል። እማማ ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው፤ ከአልጋ አይነሡም። የምታገላብጣቸው፣ የምታጥባቸው፣ የሩዝ አጥሚታቸውን በማንኪያ የምታጠጣቸው እሷ ናት። ማታ ከረጢቱን ይዛ ስትወጣ፣ እንደ እሷ በሰው ቤት የሚሠሩ ያገሯ ልጆች መኪናው ጋ ይጠብቋታል፤ ዐሥር ደቂቃ በቋንቋቸው ይንጫጫሉ። የቀኑ ዕረፍቷ ያቺው ናት። አገር ቤት እናቷ ጋ የተወቻት ልጇ ሪኒ ዘንድሮ ሁለተኛ ደረጃ ገብታለች። የሪኒን ፎቶ እማማ ራሳቸው ራስጌያቸው አስለጥፈው፣ ለመጣ እንግዳ ሁሉ «የልጅ ልጄን አያችኋት?» ይላሉ።

ታዲያ የጨረቃ በዓል ዕለት እንደ ልማዱ ሰፈሩ ሁሉ መንገድ ዳር ከሰል አያያዘ። ማታ ዝናብ ይመጣል ስለተባለ ጥብሱ የተጀመረው በጊዜ፣ ገና ከዘጠኝ ሰዓት ነው። በቆሎው፣ ቋሊማው፣ የአሳማ ሥጋው ቸስ ቸስ ይላል፤ ልጆቹ ትርንጎ የመሰለውን የፖሜሎ ልጣጭ እንደ ቆብ ደፍተው ይሯሯጣሉ። ሹሙም ደጃፉ ላይ እንግዶቹን ሰብስቦ ሲያበላ ዋለ። ቤቱ የቡታጋዝ ሲሊንደር ከሚሸጥበት ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራል።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ዜማው ከታች ተሰማ።

«ኧረ መኪናው!» አለ ሹሙ ብድግ ብሎ። «ሱሚያቲ! ነይ፣ ይሄንን አንሺልኝ!»

ከሰሉን ከማንደጃው ዝቆ የጨረቃ ኬክ ካርቶን ውስጥ ገለበጠ፤ ካርቶኑን ከረጢት ውስጥ ከተተ።

«ጋሼ፣ ሞቷል እንዴ ከሰሉ?»

«ድሮ ገና! ሽበት እንዳወጣ አታይም?»

«ውሃ ላፍስበት? ባልዲው እዚሁ ነው።»

«ውሃ ስታፈሽበት አመዱ ተነሥቶ እንግዶቼን ዱቄት ሊያስመስልልኝ! ደግሞ ለእኔ ስለ ቆሻሻ ልታስተምሪኝ ነው? ለቀባሪው አረዱት አሉ!» እንግዶቹ ሳቁ።

ሱሚያቲ ከረጢቱን ከሥሩ በሁለት እጇ አቀፈችው። «ጋሼ፣ ታቹ ይሞቃል እኮ።»

«ቶሎ ከሄድሽ አይሞቅሽም። ሩጪ!»

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ሹሙ ግን የሚያፈሰውም የሚለቅመውም ሌላ ሰው ስለሆነ አልታሰበውም።

መኪናውን የምትነዳው ዬ ሹዩን የምትባል የሃምሳ ዓመት ሴት ናት፤ ከኋላ ቆሞ የሚጭነው አኩን ይባላል። ሱሚያቲ ከረጢቱን ወረወረችው፤ መጭመቂያው እያጓራ ወደ ውስጥ ጎተተው። ሌሎች ሃያ ከረጢቶች ተከተሉት። ከዚያ መኪናው ሠላሳ እርምጃ ያህል ሄዶ ሲሊንደር ሻጩ ደጃፍ ላይ ቆመ፤ ሽማግሌው እግሩን ስለሚያመው ሁልጊዜ እዚያ ይቆምለታል።

መጀመሪያ የወጣው ጭስ የጥብስ ጭስ መሰለ። ከዚያ ወፈረ። ከዚያ ከመኪናው ጀርባ ቀይ ምላስ ብቅ አለና የአኩንን እጅጌ ላሰው።

«እሳት!»

ሹሙ ቀና ሲል ያየው ሦስት ነገር ነው። እሳቱን አየ። ከመኪናው ጎን እንደ ሰልፈኛ የተደረደሩትን የጋዝ ሲሊንደሮች አየ። ከሲሊንደሮቹ ቀጥሎ ያለውን የእናቱን መስኮት አየ። «እማዬ!» አለ።

«ውረጂ! ዝለዪ!» ይጮኻል ሰው። ባኦጁ ራሷን ይዛ ኡኡ ትላለች።

ሹዩን በመስታወቷ ወደ ኋላ አየች፤ ሲሊንደሮቹን አየች። በሩን ከፈተች፤ ሁሉም የምትዘል መስሎት ነበር። እሷ ግን አንገቷን አውጥታ «አኩን! እንዳትሳፈር! ከፊቴ ሩጥና መንገዱን አስለቅቅልኝ!» አለችና በሩን መልሳ ዘጋችው። ከዚያ እሳቱን ጀርባዋ ላይ አዝላ ቁልቁል ነዳች።

ዜማውን አላጠፋችውም። መንገዱ ለሁለት መኪና አይበቃም፤ ዳርና ዳሩ ማንደጃ፣ በርጩማ፣ ልጅ ነው። አኩን በተቃጠለ እጅጌው ከፊት እየሮጠ «ዞር በሉ! ልጆቹን አንሡ!» ይላል። ከታች ያሉት ሰዎች ደግሞ ዜማውን ሲሰሙ እንደ ልማዳቸው ከረጢታቸውን ይዘው ከየቤታቸው ወጡ። ወጥተውም በያዙት እንደያዙት ደርቀው ቀሩ። በየማታው የሚያውቁት መኪና፣ በየማታው የሚያውቁትን ዜማ እያሰማ፣ ከቤት ጣሪያ በላይ የሚነድ እሳት ተሸክሞ በፊታቸው አለፈ። ማንንም አልነካም፤ አንድ ማንደጃ እንኳ አልገለበጠም። አንድ ሽማግሌ ከረጢታቸው ከእጃቸው ወድቆ «አጃኢብ!» አሉ።

ሹዩን እሳቱን ወደቡ ዳር ካለው ባዶ የሲሚንቶ ሜዳ አድርሳ የመኪናውን ጀርባ አነሣችና ጭነቱን ዘረገፈችው። ወዲያው ወደ ፊት ነድታ ከእሳቱ ራቀች። ከዚያ ወርዳ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ሰፈሩ በሙሉ ተግተልትሎ ወረደ። እሳት አደጋዎች ደርሰው ውሃ ሲለቁበት ክምሩ ይንጣጣል፣ ያፏጫል፣ እንደገና ይነሣል። የሰፈሩ የአንድ ቀን ኑሮ ነው የሚነደው፤ የልጆች ዳይፐር፣ የምግብ ሣጥን፣ ያረጀ ጫማ፣ የተሰበረ ጃንጥላ። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን እኛ ነን የጣልነው? ሹሙ እጁን በአፉ ጭኖ ቆመ። ይህን ሁሉ ዓመት ስለ ቆሻሻ ሲያወራ ኖሯል፤ ቆሻሻ ይህን ያህል እንደሆነ ግን ዛሬ ገና ማየቱ ነው።

እሳቱ ሲወድቅ የእሳት አደጋ አለቃው መጣ። «ከሰል ነው ያስነሣው። የጣለው ማነው?»

«ያቺ የጃቫዋ ልጅ ናት!» አለች ባኦጁ። «በሁለት እጇ አቅፋ ስትወረውር በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!»

«እሷ ምን ቸገራት! አገሯ አይደል!» አለ ሌላው። «ወደ መጣችበት ትሂድ!»

አለቃው ወደ ሹሙ ዞረ። «የእርስዎ ሠራተኛ ናት?»

«አዎ» አለ ሹሙ። ሕዝቡ ሁሉ ያየዋል። ወሩ ሲወጣ ምርጫ አለ። «ውሃ... ውሃ አፍስሺበት ብያት ነበር።»

ቃሉ ከአፉ እንዴት እንደወጣ እሱም አያውቅም። ሱሚያቲ ቀና ብላ አየችው። ማን ያምናታል? ውሏ ከተቀደደ የሪኒ ትምህርት እዚያው ላይ ያበቃል። ሹሙ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ።

በዚህ መሃል የሹዩን ባልደረቦች ደረሱ። የበዓል ዕረፍት ላይ የነበሩ ናቸው፤ አንዱ የጥብስ ሽርጡን እንኳ አላወለቀም። ማንም ሳያዛቸው መቆስቆሻና አካፋ ይዘው ክምሩን አንድ በአንድ መበተን ጀመሩ። ሹዩንም ቅንድቧ ተለብልቦ፣ ክንዷ በፋሻ ተጠቅልሎ ተነሥታ ገባች። ሱሚያቲ ሮጣ ውሃ አመጣችላት።

ባኦጁ እንባዋን እየጠረገች ተጠጋቻት። «ለመሆኑ ምነው አልዘለልሽም? ነፍስሽ አይደለችም?»

«ወርጄ የት ልሂድ?» አለች ሹዩን፣ ቁጣም ኩራትም በሌለበት ድምፅ። «ከጎኔ ሲሊንደር አለ። ከሲሊንደሩ ቀጥሎ ደግሞ አንዲት አሮጊት ተኝተዋል። ማታ ማታ ሳልፍ በመስኮት እጃቸውን ያወዛውዙልኛል።»

እናቱ በየማታው ለቆሻሻ መኪና እጅ እንደሚያወዛውዙ እሱ አያውቅም። የምታውቀው ይህች ሴት ናት። አንድ ቀን እንኳ ደህና አመሸሽ ያላላት ሴት።

ሹዩን ከረጠበው አመድ ውስጥ አንድ ፍም ጎትታ በአካፋዋ ሰበረችው። ውጪው አመድ፣ ያውም ውሃ የጠጣ አመድ ነው። ውስጡ ግን ደም መስሎ ይንቀለቀላል። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ።

«አያችሁት?» አለች። «ይህን ሁሉ ውሃ ጠጥቶ ገና አልሞተም። ረመጥ ነው፤ ውሃ ውስጥ ካልዋለ ካላደረ አይሞትም። ሰው አመዱን ያይና ይሸነገላል።» ወደ ሱሚያቲም ዞራ «አታልቅሺ ልጄ። ማንም ይሁን ማን አስቦ አላደረገውም» አለች።

ሹሙ ያንን የተሰበረ ፍም ትክ ብሎ አየው። አለቃው ወረቀቱን አውጥቶ የሱሚያቲን ስም መጻፍ ጀምሯል። ሹሙ ቆቡን አወለቀ።

«ቆይ» አለ። «ቆይ፣ እሷን አትጻፍ። እኔ ነኝ።»

«ምን አሉ?»

«ከሰሉን የዛቅሁት እኔ ነኝ። ካርቶን ውስጥ የከተትሁት እኔ ነኝ። ውሃ ላፍስበት አለችኝ፤ ሳቅሁባት። ይሞቃል አለችኝ፤ ሩጪ አልኳት። አሁን ያልኩት ውሸት ነው። ስሜን ጻፍ፤ ጂያን ዳፉ ብለህ ጻፍ።»

ባኦጁ ወደ ፊት ወጣች። «እርስዎ! የኔን ከረጢት ለአንድ የላስቲክ ጓንት ሕዝብ ፊት የዘረገፉት እርስዎ!»

«አዎ፣ እኔው።»

«እኔን አፈር ያስበሉኝ!»

«አዎ። ጥፋቴ ነው፣ ባኦጁ።»

ባኦጁ ልትቀጥል አፏን ከፈተች፤ ወደ ሱሚያቲ አየችና ዘጋችው። እሷ ራሷ በልጅቷ ላይ የፈረደችውን ፍርድ ታውቀዋለች።

ሹሙ ሹዩን ፊት ቆሞ ወገቡ እስኪታጠፍ ድረስ እጅ ነሣ። «እናቴን አተረፉልኝ» አላት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ ብሎ። ከዚያ ዞሮ ሱሚያቲ ፊት እንደዚያው አጎነበሰ፤ ቶሎም ቀና አላለም። የሰፈር ሹም ለቤት ሠራተኛ ሲያጎነብስ ያን ሰፈር የሚያውቅ ሰው አይቶ አያውቅም።

ሱሚያቲ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «ይነሡ ጋሼ። እማማ ብቻቸውን ናቸው።»

ወገኖቼ፣ ከረጢታችንን ስናስር የምናስበው ከእጃችን መውጣቱን ብቻ ነው። ከእኛ እጅ ሲወጣ ሌላ ሰው እጅ እንደሚገባ ስንቶቻችን እናስባለን? ከሰሉን ውሃ ውስጥ አሳድሩት፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና። የሚጥልላችሁን ሰው ስም ጠይቁ። ጥፋት ስትሠሩ ደግሞ የምትጭኑበት ደካማ ትከሻ አትፈልጉ፤ የተደበቀ ጥፋትም አመዱን ለብሶ ይቆያል እንጂ አይሞትም። ሹሙን ይህን ያስተማረው ደንብ አይደለም፤ ደንቡን በቃሉ ያውቀው ነበር።

ሹሙና ሱሚያቲ ዳገቱን ወጥተው ቤት ሲገቡ እማማ ዓይናቸውን መስኮቱ ላይ ተክለው አገኟቸው።

«ዳፉ» አሉ። «ዛሬ መኪናው እጄን ሳያይ እየበረረ አለፈ። ቆሻሻችንን አልወሰዱልንም እንዴ?»

ሹሙ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የእናቱን እጅ ያዘ።

«ወሰዱልን፣ እማዬ» አለ። «የኛን ሁሉ ወሰዱልን።»