ከፊልተሩ በኋላ የቀረው

የምነግራችሁ ነገር በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ጆሮዬ የሰማሁት ነው። ያላመነ ይተወው።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር። ሳሎኑ ፀሐይ ሞልቶታል። ተማሪዬ ፀጉር ሠሪ ናት፤ አዲስ የገዛችውን ሲንተሳይዘር፣ ድምፅ የሚፈጥር የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ተሸክማ መጥታ ከሀ ሁ ጀምረህ አስተምረኝ ብላኛለች።

ከጓዳ አባቴ ያንጎራጉራል። ከታመመ ወዲህ ቃል አይወጣውም... ቀኑን ሙሉ ያቺኑ አንድ ድምፅ ብቻ።

"ምንድነው እሱ?" አለችኝ።

"ፍሪጅ ነው።"

አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው። ወዲያው ጓዳው ጸጥ አለ...

ሰምቶኛል። ፊቴ ጋለ። ሄጄ ዓይኑን ለማየት አፈርኩና ትምህርቱን ቀጠልኩ።

ማሽኑ መጀመሪያ የሚያወጣው ድምፅ ሻካራ፣ ሁሉም ነገር የተደባለቀበት እንደሆነ ነገርኳት። እኛ ምንም አንጨምርበትም፤ ፊልተር በሚባለው ማጣሪያ እየቀነስን እናሳምረዋለን።

"የኔው ሥራ ነዋ፣ ቆርጦ ማሳመር" ብላ ሳቀች።

አንዱን ቁልፍ ተጫነች። እኔ የፊልተሩን ማዞሪያ ቀስ እያልኩ ዘጋሁት። መጀመሪያ ቀጭኑ ጩኸት ጠፋ... ከዚያ ሻካራው...

ከማሽኑ የቀረው የአባቴ እንጉርጉሮ ነበር።

"ይሄ ነገር... ይተነፍሳል እንዴ?" አለች በሹክሹክታ።

"ጣትሽን አንሺ።"

"አንስቻለሁ።"

ጣት ከተነሳ በኋላ ድምፁ ምን ያህል እንደሚቆይ የሚወስን ሌላ ማዞሪያ አለ። አየሁት፤ ዜሮ ላይ ነው፣ ወዲያው መቆም ነበረበት። የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቀልኩት። ድምፁ አልቆመም... እየደከመ ሄደ እንጂ።

ወደ ጓዳ ሮጥኩ።

አባቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ከንፈሩ ግጥም ብሏል። አንድ ጣቱ ጉልበቱ ላይ ነው... ቀስ እያለ ይነሳል። ጣቱ በተነሳ ቁጥር የሳሎኑ ድምፅም የእሱም ትንፋሽ ይቀንሳል።

እጄን ጭኜ ጣቱን መለስኩት።

"አባዬ፣ አታንሳው።"

ቃል የማይወጣው አባቴ ትክ ብሎ አየኝ።

"ፍሪጅ ነው በላት" አለኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ፀጉር ሠሪዋ የተነቀለውን ገመድ እንደያዘች ተከትላኝ ጓዳ ገብታ ቆማለች።

"ማናቸው?"

"አባቴ ነው" አልኩ። "ሲያንጎራጉር የነበረው አባቴ ነው።"

ያኔ ከሳሎን ድምፁ መከፈት ጀመረ። ሻካራው ተመለሰ... ቀጭኑም... የቀነስኩት ሁሉ። አንድ ሰው ፊልተሩን ቀስ እያለ እየከፈተው ነበር።

ሦስታችንም ያለነው ጓዳ ውስጥ ነው።