የማይሞቀው ሰርቨር

ዶክተር ይበልጣል ሰኞ ጠዋት የተገኙት የሰርቨር ክፍሉ በር ሥር ተደፍተው ነው። የበሩ ቀለም ጥፍራቸው ውስጥ ገብቷል። ያገኛቸው የኮምፒውተር ባለሙያው ዛኪር ነበር። ቁልፉን አዙሮ ቢገፋ በሩ እምቢ አለው፤ ትከሻውን ቢሰጠው አንድ ከባድ ነገር ተንሸራተተ። የሚገፋው ሰው መሆኑ የገባው ጫማቸውን ሲያይ ነው። ክፍሉ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ሸተተው፤ መጀመሪያ ያማው የዶክተር ወልደ ሚካኤልን ካልሲ ነው።

ካልሲ እዚያ ምን ይሠራል የሚል የአሰላን ክረምት የማያውቅ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው በዚያ የእህል ምርምር ላብራቶሪ፣ ሐምሌ ሲገባ ዶሮ እንቁላል ከመጣሏ በፊት ጋቢ ትጠይቃለች፤ የዘበኛው ውሻም ሌባ ሲያይ መጮኹን ትቶ እቀፈኝ ይላል ይባላል። በግቢው ሙቀት ያለበት መስኮት አልባው የሰርቨር ክፍል ብቻ ነው። ማቀዝቀዣው ከተበላሸ ቆይቷል፤ ይጠገን የሚል ግን ጠፋ፤ እርጥብ ሻርፕ፣ ካልሲና የታጠበ ዘር ሁሉ የሚደርቀው እዚያ፣ ትኩስ አየር በሚተፉት ማሽኖች ጀርባ ላይ ነዋ።

ሰርቨሮቹ ሦስት ናቸው፤ አንዱ የገብስ ተመራማሪው የዶክተር ወልደ ሚካኤል፣ አንዱ የአፈር ተመራማሪዋ የሩዋይዳ፣ አንዱ ደግሞ በስንዴ ዋግ ምርምራቸው ስማቸው የገነነው የዶክተር አሳምነው። የሰሞኑ ጠብም በእነዚሁ ነበር። ሦስቱ ቀርተው ለሁሉም አንድ የጋራ ሰርቨር ሊመረጥ ነው። ወልደ ሚካኤል መብራት ከሚጫወትብን አዲስ አበባ ካለ ድርጅት እንከራይ አሉ፤ ሩዋይዳ የለም እዚሁ ይገዛ አለች፤ አሳምነው የእኔ መረጃ ከማንም አይቀላቀልም ብለው ጠረጴዛ መቱ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ይበልጣል ነገሩን ቆረጡት፦ የትም ይሁን የት ሰኞ ሁሉም መረጃውን አምጥቶ አንድ ላይ ያደርጋል፣ ሁሉም የሁሉንም ያያል። ሰኞን አላዩም።

ኢንስፔክተር ተሻለች ጭቃውን እየዋኙ መጡ። የሳጉሬ እህል ነጋዴ ልጅ ናቸው፤ እህል ሲገዙ እህሉን ሳይሆን ሻጩን ያያሉ ይሏቸዋል። መጀመሪያ የግቢውን በር አስቆለፉ። ጉሙ ከጭላሎ ወርዶ አጥሩን ስለዋጠው ግቢው ድስት መሰለ፣ ክዳኑ ተደፍቶበት። ቀጥለው ዛኪርን አስቀመጡት።

«የክፍሉ ቁልፍ ስንት ነው?»

«አንድ።»

«ማን ጋ ነው?»

«እኔ ጋ።»

«እህ። ታዲያ ልጄ፣ ሌላ ሰው ለምን አደክማለሁ?»

ሬሳውን ሆስፒታል ሊያደርስ የወረደው የፖሊስ መኪና እስኪመለስ ጊዜ እንዳለው ነገሩት። ሌላ ሰው ካልተገኘ በዚያው መኪና የሚወርደው እሱ ነው። ዛኪር ኮሪደሩ ላይ፣ እጁ ከአንድ ፖሊስ እጅ ጋር በካቴና ታስሮ ቁጭ አለ። የሞተር ድምፅ በሰማ ቁጥር ወደ ውጭ ያንጋጥጣል፤ ሁለቴ ጄኔሬተሩ ነበር።

ኢንስፔክተሯ ሌሎቹን በየተራ ጠየቁ። ወልደ ሚካኤል ስለ ሟች ማልቀስ ጀምረው ስለ መብራት መጥፋት ምሬት ጨረሱ። ሩዋይዳ ቅዳሜ ሁሩታ ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ነበር አለች። አሳምነው ቢሯቸው ውስጥ ካፖርታቸውን እንደለበሱ በአጭሩ መለሱ፤ ማሽናቸው ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሌት ተቀን እያሰላ ነው፣ እሳቸው ግን ከቢሯቸው ነው የሚያዙት።

«ክፍሉን እንኳ አይጎበኙትም?»

«ማሽኑ ከተተከለ ወዲህ ረግጬው አላውቅም። እኔ ካልሲ የማደርቅ ሰው አይደለሁም፣ ወይዘሮ። በሩ በየት በኩል እንደሚከፈትም ረስቻለሁ።»

ተሻለች ወደ ሰርቨር ክፍሉ ገብተው ብዙ ቆዩ፤ ማሽኖቹን እንደ በሬ ጀርባ ሲዳብሱ ፖሊሱ አይቷቸዋል። ሲወጡ ዛኪር ፊት ቁጢጥ አሉ።

«የበሩ የውስጥ እጀታ የት ሄደ?»

ዛኪር አንገቱን ደፋ። ወላሂ ይኼን መናገር ፈርቶ ነው። እጀታው ሚያዝያ ላይ ተሰበረ። ይጠገን ብሎ ቢያመለክት ጠጋኞቹ ማቀዝቀዣውንም አብረው ሊያድሱት ነው፤ ሙቀት ደህና ሰንብት። ስለዚህ አድራቂዎቹ ተማከሩና ዝም አሉ። በሩ ራሱን የሚዘጋ ስለሆነ የገባ ሰው ድንጋይ ያስደግፈዋል። ዛኪር ለቀልድ ድንጋዩ ላይ ዓይንና ጢም ስሎ «ዳይሬክተሩ» የሚል ስም አወጣለት። ቅዳሜ ለይበልጣል ከፍቶ ዳይሬክተሩን አስደግፎ ወደ ሶላት ሄደ፤ ስወጣ እዘጋዋለሁ ብለውት ነበር፤ ስልካቸው ቢሯቸው ቻርጅ ላይ ነበር።

«ዛሬስ ድንጋዩ?»

«የለም። በሩ በራሱ ተዘግቶባቸው ቢሆን ድንጋዩ እዚያው መገኘት ነበረበት።»

«አብሽር» አሉት ተሻለች፤ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። ካቴናውን ግን አላስፈቱለትም።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲብስ ሁሉንም በግቢው አሻግረው ወደ ሰርቨር ክፍሉ ጠሯቸው። ሲደርሱ ውሃ ይንጠባጠብባቸዋል። በሩን የደገፈው ዳይሬክተሩ ነው፤ ከሕንፃው ጀርባ ሳማ ውስጥ ተጥሎ፣ ዓይኑ ላይ ጭቃ ተለጥፎ ተገኝቷል።

«በርዷችኋል። መጀመሪያ ልብሳችሁን አስጡ፣ ከዚያ እናወጋለን።»

ሩዋይዳ ሻርፗን ሳታይ ወደ ግራ ወርውራ የራሷ ማሽን ላይ አሳረፈችው። ወልደ ሚካኤል ሳይለመኑ ካልሲያቸውን አውልቀው ከአጠገቡ ዘረጉ። ዛኪር በነፃ እጁ ኮፍያውን የገብሱ ሰርቨር ላይ ደፋ። አሳምነው ዙሪያውን አይተው ካፖርታቸውን ስማቸው የተለጠፈበት ማሽን ላይ አሰጡት።

«እሱ አያደርቅም» አለች ሩዋይዳ ዝግ ብላ።

ተሻለች ፈገግ አሉ። «በአባቴ መጋዘን ሬዲዮ ነበረን። እህሉ በነቀዝ መድኃኒት በታጠነ ቁጥር ሬዲዮው ይታመማል። ሦስተኛው ሲሞት አባቴ ከፍቶ ቢያየው መዳቡ ጠቁሮ ከሰል መስሏል። ያ ጭስ ነቀዝ ብቻ አይደለም የሚገድለው፤ መዳብ ይበላል፣ ሰውም ይበላል። ሽታው ነጭ ሽንኩርት ነው። እነዚህን ሽቦዎች እዩ።»

የሽቦዎቹ ጫፍ ጠቁሯል።

«ጭሱ የወጣው ጠዋት እዚህ ካገኘኋት አንዲት የእርጥብ ዘር ከረጢት ነው፤ መድኃኒቱ እርጥበት ሲነካው ጨሶ ሥሯ አመድ ሆኗል። መድኃኒቱ ከመጋዘናችሁ ነው፣ ማንም ያገኘዋል። ዘር ይዞ የገባንም ማንም አይጠረጥርም። ግን የተገኘችው የት ነው?» ካፖርቱን በጣታቸው ነኩ። «እዚህ። በቀዝቃዛው ላይ። ከአድራቂዎቹ አንዱ ቢሆን እጁ በልማድ ወደ ሙቁ ይወስደው ነበር። የቱ እንደሚሞቅ የማያውቅ አንድ ሰው ነው።»

«ካፖርት ማስጣት ወንጀል ሆነ?» አሉ አሳምነው።

«ዛኪር፣ ይህ ማሽን ለምን አይሞቅም?»

«እኛማ… ውድ ስለሆነ መስሎን ነበር። ጥሩ ማሽን አይሞቅም ብለን።»

ወልደ ሚካኤል ባዶ እግራቸውን እያከኩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሳቸውም እንደዚያ ብለው አድንቀውት ያውቃሉ።

«ዓመት ሙሉ ሌት ተቀን ያሰላ ማሽን እንደ ሬሳ አይቀዘቅዝም» አሉ ተሻለች። «ባዶ ነው። ዝና ያተረፈው የዋግ ምርምር ውስጡ የለም፤ የትም የለም። መረጃው ወደ ጋራ ሰርቨሩ ይምጣ ሲባል የሚመጣ ነገር አልነበረም። ይበልጣል ቅዳሜ የገቡት በየማሽኑ ያለው ስንት ቦታ እንደሚፈልግ ሊያዩ ነው። አንድ ሰው ከረጢቱን አስቀምጦ ሲወጣ ድንጋዩን ይዞ ወጣ። ቁልፍ አላስፈለገውም።»

ይኼን ብለው ጎንበስ አሉና እንደዋዛ ዳይሬክተሩን አነሡት። በሩ ተንቀሳቀሰ። ሩዋይዳ ጮኸች፣ ዛኪር ፖሊሱን ጎትቶ ዘለለ። ከሁሉ የቀደመው ግን የአሳምነው እግር ነበር፤ በሩና መቃኑ መሀል ተሰክቶ ጫማው ተጨራመተ።

«አይዘጋ! ከውስጥ አይከፈትም!»



«እነዚህ ሦስቱ እጀታው እንደሌለ በየአፋቸው ነግረውኛል» አሉ ኢንስፔክተሯ፣ ድንጋዩን እንደ ሕፃን ታቅፈው። «የተሰበረው ሚያዝያ ነው። አንተ ካለፈው ዓመት ወዲህ ክፍሉን ረግጬው አላውቅም ብለኸኛል። ማን ነገረህ?»

አሳምነው እግሩን ሊያወጣ ሞከረ፤ በሩ ይዞታል። ከዚያ መሞከሩንም ተወ። «ለዚህ ባዶ ሣጥን ነው» አለ፣ ካፖርቱን እያየ። «አንድ ዓመት ቢሰጠኝ እሞላው ነበር።»

ከውጭ የሞተር ድምፅ ተሰማ። ይኼኛው ጄኔሬተሩ አልነበረም። ፖሊሱ ካቴናውን ከዛኪር እጅ ፈትቶ በአሳምነው ላይ አዞረው፤ ዛኪር የተላቀቀ እጁን የገብሱ ሰርቨር ላይ አስደግፎ እንዲሞቅለት ተወው።

መኪናው አሳምነውን ይዞ ጉሙ ውስጥ ሲገባ ወልደ ሚካኤል ካልሲያቸውን አጠለቁ። ገና እርጥብ ነው።

«ልጄ ዛኪር፣ ኮሚቴው እኮ አሁን እኔና ሩዋይዳ ብቻ ነን። የቱን ሰርቨር እንምረጥ? የሚሞቀውን ነው?»

ዛኪር ከክፍሉ ወጥቶ ዝናቡ ውስጥ ቆሟል። በሩን በእግሩ ደግፎ ይዞታል፤ ዳይሬክተሩ ለምስክርነት ወደ አሰላ ወርዷል።

«የፈለጉትን ይምረጡ፣ ዶክተር» አለ። «በሩ ከውስጥ ይከፈት እንጂ።»