ቀለም የተቀባው አሞርዛተር

ሟቹ አንዲት ነጭ የቤት መኪና ሥር ተጋድሟል። የሚታየው ከጉልበቱ በታች ብቻ ነው። የግራ እግሩ ጫማ የለውም፤ ጫማው አራት እርምጃ ያህል ርቆ፣ ከሥራ ጠረጴዛው አጠገብ ወድቋል።

«አደጋ ነው!» አለ የጋራዡ ባለቤት፣ መርማሪዋ ገና የበሩን ደፍ ሳታልፍ። «ክሪኩ ከድቶት ነው። ምሳ በልቼ ስመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት። ወንድሜ እኮ ነው፣ ታላቅ ወንድሜ!»

መርማሪዋ አልፋው ወደ አስከሬኑ ሄደች። ባልደረቦቿ በሌለችበት «እሬት» ይሏታል። መራራ ናት፤ ከሁሉ በላይ የሚያንገሸግሻት ደግሞ አስከሬን ሳይነሳ «አደጋ ነው» የሚል ሰው ነው።

ሟቹን ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀው «ጋሼ ጆሮ» በሚል ቅጽል ስም ነው። የሞተር ድምፅ ሰምቶ ብቻ የመኪናን ሕመም የሚናገር መካኒክ ነበር። ዛሬ የአንዲት ነርስ መኪና የኋላ አሞርዛተሮችን ሊቀይር ነበር፤ መኪናዋ ጉድጓድ በመታች ቁጥር እንደ ኳስ ስለምትነጥር።

የፖሊስ ሐኪሙ ከመኪናዋ ሥር ብቅ አለ። «ደረቱን መኪናዋ ተጭናዋለች። ግን የኋላ ጭንቅላቱ ላይ ሌላ ምት አለ። እዚህ መኪናዋ ሥር ደግሞ ወለሉ ላይ ጠብታ ደም የለም።»

የሟቹ ሚስት በርሜል ላይ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም፤ ጥርሷን ነክሳለች።

«ስሚኝ ልጄ» አለች። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያለ ብረት መደገፊያ መኪና ሥር ገብቶ አያውቅም። ‹ክሪክ ማመንና እባብ ማቀፍ አንድ ነው› ይላል። ያውልሽ፣ መደገፊያዎቹ ግድግዳው ሥር ተደርድረው!»

«መነጽር ያደርጉ ነበር?»

«ያለ መነጽር እንኳን ቡሎን እኔንም አያየኝ!»

መነጽሩ የተገኘው የሥራ ጠረጴዛው ላይ ነው። አጠገቡ ሞረድ አለ። መርማሪዋ ሞረዱን ወደ ብርሃን አነሳችው፤ ጥርሶቹ መካከል ትኩስ ጥቁር ቀለም ተሰግስጓል። የሟቹ ጥፍሮች ውስጥም ያው ቀለም አለ።

መሬት ላይ ከነርሷ መኪና የተፈቱት ሁለት አሮጌ አሞርዛተሮች ተጋድመዋል፤ ዝገትና ዘይት እንጂ ጥቁር ቀለም የላቸውም። ሁለቱም ግርጌያቸው ላይ ሦስት ሦስት ጭረት አለባቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የሱ ምልክት ነው» አለች ሚስቱ። «ፈትቶ የጣለውን ሁሉ ሦስት ጊዜ በሞረድ ይጭረዋል። ‹የሞተ ዕቃ ተመልሶ እንዳይሸጥ› ይላል። ባለፈው ወር አንድ ታክሲ ተገልብጦ ሦስት ሰው ካለቀ ወዲህማ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። አሞርዛተሩን የገጠመው እሱ ነበር። ‹አዲስ ዕቃ እኮ ነው፣ በሁለት ሳምንት እንዴት ይሞታል?› እያለ ይብሰለሰላል።»

«የፈቷቸውን አሮጌዎች ማን ይወስዳቸው ነበር?»

የጋራዡ ባለቤት ቀደማት። «እኔ ነኝ የማስወግደው። ለብረት ለቃሚ እሰጣለሁ።»

«ከጓሮ ያለው መጋዘንስ?»

«ባዶ ነው። ቁልፉ እኔ ጋ ብቻ ነው ያለው፤ ዛሬ ቤት ረስቼዋለሁ።»

ነርሷ ነጭ ጋወኗን እንደለበሰች ከሥራዋ እየሮጠች መጣች። «አዲሶቹን አሞርዛተሮች ትናንት ነው የገዛኋቸው፣ እዚሁ ማዶ ካለው ሱቅ። ዝናብ ስለነበር ካርቶኑ ሥሩ በሰበሰ፤ አቅፌ ነው ያደረስኩት። ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ ጋሼ ደወሉልኝ። ‹ልጄ፣ ይህቺን መኪና ዛሬ አትነጃትም። ይህን ዕቃ የሸጠልሽን ሰው ጉድ አፈላበታለሁ› አሉኝ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።»

መርማሪዋ ከመኪናዋ ጎን የተቀመጠውን ካርቶን በእጇ ዳሰሰችው። ደረቅ ነው። ውኃ የሚባል ነክቶት አያውቅም። ውስጡ ያሉት ሁለት አሞርዛተሮች ፋብሪካ ያሠረላቸው ፕላስቲክ እንኳ አልተፈታም።

መንገዱን ተሻግራ መለዋወጫ ሱቅ ገባች። ሻጩ ፀጉሩን በዘይት ያስተኛ፣ ፈገግታው የማያልቅ ሰው ነው።

«ለመኪናዬ አሞርዛተር ልገዛ ብል እንዴት ነው የምመርጠው?»

ሻጩ ነፍስ ዘራ። «መጀመሪያ የመኪናዎን ዓይነትና የተሠራችበትን ዓመት ይንገሩኝ። ስለተመሳሰለ ብቻ የሌላ መኪና አይገጠምም። ከዚያ አንዱን ብቻ እንዳይቀይሩ፤ የፊቱም የኋላውም በጥንድ ነው፣ አለዚያ መኪናዋ ታነክሳለች። ከተማ ውስጥ ብቻ ከሆነ የዘይቱ ይበቃዎታል፤ ኮረኮንች ከበዛ የጋዙ ይሻላል።»

«አዲሱን ካሮጌው በምን እለየዋለሁ?»

«ዘንጉን ይጫኑት። አዲስ የጋዝ ከሆነ ቀስ ብሎ ራሱ ይመለሳል። የሞተ ከሆነ እንደ ሰነፍ ተማሪ እዚያው ይተኛል። ዘንጉ ከተጫረ፣ ዘይት ካላበው፣ አይንኩት!»

«ነርሷ የወሰደችው?»

«የጋዙን።»

«ስትሸጥላት ተጭነህ አሳየሃት?»

እሱ «እርስዎ» ሲላት ቆይቶ በ«አንተ» መጠራቱን ሻጩ ወዲያው ልብ አለ። ፈገግታው ረገፈ። «ሰው ቸኩሎ ነው የሚመጣው…» ብሎ ባንኮኒውን መወልወል ጀመረ።

መርማሪዋ ወደ ጋራዡ ተመልሳ የመጋዘኑን ቁልፍ አሰበረች። ሩብ ሰዓት ያህል ውስጥ ቆይታ ስትወጣ ፊቷ ቀልቷል። «ሁሉንም እዚህ ጥሩልኝ» አለች።

አራቱ ከነጯ መኪና ፊት ቆሙ፦ ሚስት፣ ወንድም፣ ነርስ፣ ሻጭ።

«ሰውዬው መኪና ሥር አልሞተም» አለች መርማሪዋ። «መነጽሩ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ያለ መነጽር ምን ሊፈታ ይገባል? ጫማውም እዚያው ነው። ጠረጴዛው አጠገብ ተመቶ ሲጎተት ነው የወለቀው። ከዚያ ክሪኩን ለቀቁበት። መደገፊያ እንደማይረሳ ግን ገዳዩ ረሳ።»

«ሌባ ገብቶ ይሆናላ!» አለ ወንድሙ።

«ሌባ ካርቶን ይቀይራል? የነርሷ ካርቶን በዝናብ በስብሶ ነበር፤ ይኼኛው ደረቅ ነው። እሷ ያመጣችውን ዕቃ አንድ ሰው ሰውሮ በምትኩ እውነተኛ አዲስ ጥንድ አስቀመጠ። ለምን? የመጀመሪያው ጥንድ ስለሚናገር! ጋሼ ጆሮ ዘንጉን ተጫነው፤ አልተመለሰም። ተጠራጠረና ቀለሙን በሞረድ ፋቀው። ከሥሩ ምን አገኘ መሰላችሁ? ሦስት ጭረት። የራሱን እጅ!»

ሚስቱ «እኔን!» ብላ ደረቷን መታች።

«‹ሞቷል› ብሎ የጣለው ዕቃ ቀለም ተቀብቶ፣ ካርቶን ለብሶ ወደ እጁ ተመለሰ። የታክሲዋም እንዲያው። ሻጩ ጋ ከሌላ ጋራዥ የመጣ ቢሆን ኖሮ ይህ ምልክት አይኖረውም ነበር። የሚወጣው ከዚህ ቤት ነው። ከዚህ ቤት የሚያወጣው ደግሞ አንድ ሰው ነው፤ ራሱ ነግሮኛል።» ወደ ጋራዡ ባለቤት ዞረች። «ባዶ ባልከው መጋዘን ጥቁር ቀለም በቆርቆሮ፣ ዝገት መፋቂያ ብርጭቆ ወረቀት፣ ያንን ሁሉ አሮጌ አሞርዛተር ቆጥሬ ወጣሁ። የበሰበሰው ካርቶንም እዚያ ነው፤ ውስጡ ያለው አንዱ አሞርዛተር ግርጌው ተፍቋል። ‹ቁልፉ እኔ ጋ ብቻ ነው ያለው› አላልክም?»

ሻጩ ሁለት እጁን አነሳ። «እኔ ሸጥኩ እንጂ አልገደልኩም! ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ይህ ሰውዬ እያለከለከ መጣ። ‹እውነተኛውን ጥንድ ቶሎ ስጠኝ› አለኝ። ልጆቼን ይንሳኝ፣ ለምን እንደሆነ አላወቅኩም!»

«ሊያሳስረኝ ነበር!» ጮኸ ወንድሙ። «የገዛ ወንድሙን! ‹ሦስት ሰው ገድለናል፣ አብረን ፖሊስ ጣቢያ እንሂድ› ይለኛል። እኔ ምን አገባኝ? እኔ ታክሲ ነድቼ አላውቅም!»

«‹ገድለናል› ነው ያለህ?» አለች መርማሪዋ። ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ ዝቅ ሲል ይብሳል። «የገደልከው አንተ ሆነህ ሳለ ራሱን ከጎንህ ቆጠረ። አብሮህ ሊታሰር ነበር፣ አንተ ከንቱ! ጀርባውን ሲሰጥህ መታኸው።»

ካቴናው ሲገባለት የሟቹ ሚስት ዞራ አላየችውም። ሻጩ ፊት ቆመች።

«ስንት ሸጣችሁ?»

«አርባ ጥንድ… ምናልባት ከዚያም ይበልጣል፣ እትዬ።»

«ለማን?»

«ለመጣ ሁሉ። ሁሉን እንዴት አስታውሳለሁ?»

«ዛሬም እየተነዱ ነው?»

«ይነዳሉ፣ እትዬ…» አለ ሻጩ።

ነርሷ አፏን በመዳፏ ያዘች። የሟቹ ሚስት ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች በበሩ ወጣች፤ አስፋልቱ መሐል ገብታ ሁለት እጇን ዘረጋች። አንድ ሰማያዊ መኪና ጎማው እስኪጮህ ፍሬን ይዞ አፍንጫዋ ሥር ቆመ። ሾፌሩ ሊሳደብ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«የኋላ አሞርዛተርህን የት ገዛኸው?» አለችው።

መርማሪዋ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ የትራፊክ ፖሊሶች በሙሉ እንዲመጡላት እያዘዘች፣ ከወዲያኛው አቅጣጫ የሚመጣውን ለማስቆም መንገዱን ተሻገረች።