መብራት አልባው መኪና

ሹክሩን ያገኙት በረዶ ጠራጊዎች ናቸው። ታሂር ተራራ አናት ላይ፣ ከከባድ መኪናው ጎማ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ፣ ጀርባው ላይ በረዶ ተከምሮበት ነበር። የራስ ቅሉ ከኋላ በብረት ተመትቷል። መርማሪ ፔርቪን ሬሳውን አይታ ከተራራው ግርጌ ወዳለው የሾፌሮች ማረፊያ ስትወርድ፣ ሳጅን ካድሪ ገዳዩን ይዞ ጠበቃት። እሱ እንደሚለው ገዳዩን።

«ኑሬቲን ይባላል፤ የሟቹ የእህት ባል ነው» አላት በካቴና የታሰረውን ሰው በአገጩ እየጠቆመ። «ትናንት ማታ እዚህ ሻይ ቤት ተጣሉ። ሹክሩ ‹ከእናንተ ጋር አላድርም› ብሎ ብቻውን ወጣ። ይሄ ተከትሎ ጨረሰው። መንገዱ ሲከፈት ወደ ከተማ እልከዋለሁ።»

«ሲከተለው ማን አየ?»

«ማንም። ግን ሌላ ማን አለ?»

ሌሎችማ ነበሩ። ግቢው ውስጥ ሦስት ከባድ መኪኖች ሞተራቸው ሳይጠፋ ቆመዋል፤ የኑሬቲን፣ የሽማግሌው የኢልያስና የቤዲርሃን። ወደ ኢራን ድንበር ሲጓዙ ከተራራው አናት ወዲያ በረዶ መንገድ ዘግቶባቸው ሁለት ሌሊት አድረዋል። በዚህ ብርድ ሞተር የሚያጠፋ ሾፌር የለም፤ ናፍጣው ይረጋል፣ ሰውየውም ይደርቃል። ስለዚህ መኪኖቹ በቆሙበት በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳይረገጥባቸው፣ ሲያጓሩ ያድራሉ፣ ሾፌሮቹም ጋቢና ውስጥ ይተኛሉ። አሁን መንገዱ ሊከፈት ነው። ያኔ ሁለቱ ድንበር ይሻገራሉ፣ ኑሬቲን ወህኒ ይወርዳል።

ፔርቪን ኑሬቲን ፊት ወንበር ስባ ተቀመጠች። «በምን ተጣላችሁ?»

«ባለፈው ክረምት ተራራው ላይ መኪና ገጭቷት፣ ሾፌሩ ጥሏት የሄደ ሴት ነበረች። ሹክሩ ‹ማን እንደገጫት አይቻለሁ፣ ለሕግ እናገራለሁ› አለኝ። ዝም በል አልኩት። እኛ እንጀራችን ይሄው መንገድ ነው።»

«ስሙን ነገረህ?»

«አልነገረኝም። እኔም ለመስማት አልፈለግሁም፤ ጮኼበት ተነሳሁ።»

ሽማግሌው ኢልያስ ጥግ ይዞ መቁጠሪያውን ይገፋል።

«ጋሽ ኢልያስ፣ ሌሊት ምን አዩ?»

«ምንም፣ ልጄ።»

«ታዲያ መቁጠሪያውን ለምን ያጣድፉታል?»

ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ገልመጥ አለ። «ከተራራው መብራት የሌለው መኪና ሲወርድ አየሁ። ያችን ሴት የገደላት መኪና ነው። ከሞተች ወዲህ ስንት ሾፌር አይቶታል፤ እሷን ፍለጋ ይመላለሳል።»

«ወርዶ የት ገባ?»

«ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ቁርአን ቀራሁ እንጂ መንፈስ የት እንደሚያድር ልቆጣጠር ነው?»

ካድሪ ሳቀ። ፔርቪን አልሳቀችም። መንፈስ አለ ብላ አታምንም፤ ሽማግሌው የፈጠራ ወሬ የሚያወራ ግን አልመሰላትም።

ቤዲርሃን ውጭ መስተዋቱን ይወለውላል። «ተኝቼ ነበር። ሞተሬ ሌሊቱን ሙሉ ከዚህ ንቅንቅ አላለም፤ ካላመንሽ እጅሽን አስጠግተሽ ሙቀቱን እዪ።»

«እርስዎ በል!» አለ ካድሪ።

«እሺ፣ እርስዎ። ኢልያስ መንፈስ አየሁ ብሏል አሉ። እሱን አይዙትም?»

ፔርቪን ሞተሩን አልነካችም። «ሦስታችሁም መኪኖቻችሁን ወደ ዋናው መንገድ አውጡልኝ» አለች።

ከግቢው የሚያስወጣው ዳገት አጭር ቢሆንም ቀጥ ያለ ነው። ካድሪ እያጉረመረመ የኑሬቲንን ካቴና ፈታ። የኑሬቲን መኪና ነዳጅ ሲረግጥባት ተንዘፈዘፈች፣ ሳለች፣ ጥቁር ጭስ ተፍታ ዳገቱ መሃል ልትቆም ምንም አልቀራት። የኢልያስ ባሰች፤ ከጭስ ማውጫዋ ቅባት የመሰለ ጥላሸት በረዶው ላይ ተረጨ።

«ጋሼ፣ ወርደህ ግፋት እንጂ!» ብሎ ቤዲርሃን በመስኮቱ ጮኸ። ጡሩምባውን እየነፋ ሁለቱንም አልፏቸው ሽቅብ ተፈተለከ። ከኋላው የቀረው እንፋሎት ብቻ ነበር።

ፔርቪን ሁሉንም ሻይ ቤት ሰበሰበቻቸው፤ በሩንም ካድሪ ቆመበት።

«ሹክሩ የሞተበት ቦታ በዚህ በረዶ በእግር አይደረስም» አለች። «ገዳዩ በመኪና ወጥቶ መብራቱን አጥፍቶ ተመልሷል። ጋሽ ኢልያስ ያዩት እሱን ነው። ሞተሮች ሲያጓሩ የአንዱ መሄድ እንቅልፍ የያዘውን ሰው አይቀሰቅስም፤ ዱካውንም ነፋስ ደፍኖታል። ሦስታችሁም ‹ቆመን አደርን› ብላችኋል። ሌሊቱን በሚኒሞ ያደረ ሞተር ግን ናፍጣውን አጥርቶ አያቃጥልም፤ ጥላሸት ይይዛል፣ ጠዋት ጉልበት ያጣል። ጭነት ተሸክሞ ዳገት ሲለፋ ነው የሚጠራው። ሁለቱ መኪኖች ሲስሉ ሰማን። አንደኛው ግን ጉሮሮውን ጠርጎ ነው ያደረው።»

«መኪናዬ ጎበዝ ስለሆነች ልታሰር ነው?» አለ ቤዲርሃን።

«ጋሽ ኢልያስ፣ ትናንት ጠዋት ነዳጅ ስትረግጡ የእሱ መኪና እንዴት ነበረች?»

«እንደኛው ስትስል! እንዲያውም አጠቆረችኝ ብዬ ሰድቤዋለሁ። የእሱና የእኔ መንታ ናቸው፤ ባለቤታቸውም አንድ ነው።»

«ዛሬ አዝግመህ ብትነዳት ኖሮ» አለች ፔርቪን ወደ ቤዲርሃን ዞራ፣ «እርግጠኛ መሆን አልችልም ነበር። አንተ ግን በሽማግሌ እየሳቅህ መቅደም አማረህ። የጎማ መፍቻ ብረትህ የት ነው?»

ቤዲርሃን ካድሪ የቆመበትን በር አየ። ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«ሴትየዋን የገጨሁት ሳላያት ነው። ከዚያ ወዲህ ግን እዚያ ባለፍኩ ቁጥር አያታለሁ። ትናንትም ነበረች፤ ሹክሩን ስመታው ከኋላው ቆማ ታየኝ ነበር።» ፊቱን ወደ ኑሬቲን አዞረ። «ሹክሩ እንዳየኝ አላውቅም ነበር። የነገርከኝ አንተ ነህ። ‹የገጫትን አይቻለሁ አትበል› እያልክ ስትጮህበት ከጀርባህ ሻይ እየጠጣሁ ነበር።»

ካድሪ ካቴናውን ለቤዲርሃን አጠለቀለት።

መንገዱ ተከፈተ። ኢልያስ ማንንም ሳይሰናበት ሄደ። ኑሬቲን ከወንበሩ አልተነሳም፤ ስልኩ መዳፉ ላይ ይጮኻል።

«ሚስቴ ናት። ወንድሟን ገደለ ተብዬ መታሰሬን ሰምታለች። ምን ልበላት?»

«ተፈታሁ በላት» አለች ፔርቪን ጓንቷን እያጠለቀች።

ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«አይሰማም!» አለች ሚስቱ ከወዲያ ማዶ። «ኑሬቲን፣ ጮክ በል!»

ደግሞ ሞከረ። ድምፁ ከሹክሹክታ አላለፈም።