አራት ጣት ቅርፊት

ፕሮፌሰሩ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ በላቦራቶሪያቸው ቀዝቃዛ ክፍል ወለል በአፍጢማቸው ተደፍተው ተገኙ። ናይትሮጂን ጋዝ ተለቆ አፍኗቸዋል፤ በሩ ከውጭ ተቀርቅሯል። እዚያው ባለው የሙከራ በረዷቸው ላይ የበራውን መብራት ያጠፋው ሬሳውን ያገኘው ጥበቃ ነው።

መርማሪዋ ስትጠይቅ ውላ ጠብ ያለላት ነገር የለም። አለቃዋ ደግሞ በየአሥር ደቂቃው ይደውላል፦ «ቴክኒሻኑን ይዘሽ ነይ እንጂ! ምን ያንዛዛሻል?» ስልኩን ግድግዳ ላይ ልትፈጠፍጠው ምንም አልቀራት።

ሠላሳ ዓመት ጋዝ የሞሉት ቴክኒሻን በካቴና ታስረው ጥግ ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ ስንት ሰዓት ገቡ?»

«ጋዝ ላመጣ በጧት ወጥቼ አምስት ሰዓት ተመለስኩ፤ ጥበቃው መዝግቦኛል። እዚያ ክፍል ግን ሳልጠራ አልገባም፣ የኔ ልጅ።»

የፕሮፌሰሩ ምክትል ጉሮሮውን ጠረገ። «ጧት እኔና ፕሮፌሰር ብቻ ነበርን። ልክ በአምስት ስወጣ መብራቱን እያበሩ ደህና ዋል ብለውኛል። ከዚያ በኋላ የነበሩት እኚህ ሰውዬ ናቸው።»

«ወንድሜን የበላ እሱ ነው!» አለች በስድስት ሰዓት ሥራ የገባችው የሟች እህት፣ የላቦራቶሪው ጸሐፊ።

መርማሪዋ ተነፈሰች። ሁሉም ጣቱን ወደ አንድ ሽማግሌ መቀሰር እንጂ ሌላ አያውቅም። «እሺ፣ ይኼ በረዶ ምንድን ነው?»

«የጅራታም ኮከብ በረዶ አምሳያ ነው» አለች እህትየው። «እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። መብራቱ የፀሐይ ምትክ። ሲሞቅ ቀዳዳው እየተደፈነ በሰዓት አንድ ጣት ቅርፊት ይሠራል፤ መልሰው ቢያቀዘቅዙትም አይከፈትም። ምክትሉ አይደፈንም ብሎ ጽፎ ነበር፤ ወንድሜ ነገ ስህተቱን ሊያወጣ ነበር። መብራቱ በበራ በሁለት ሰዓቱ በረዶውን ከሥሩ ያወጣዋል፤ ቤት ቢቃጠል እንኳ አያሳልፍም። ከሱ በቀር ማንም አይነካውም።»

መርማሪዋ ቢላዋ ይዛ ገባች። ስትመለስ ጣቶቿ ደንዝዘዋል፤ ንዴቷ ግን አልበረደም።

«ሁላችሁም ቅረቡ። መብራቱ በአምስት ቢበራ እስከ ሰባት ቅርፊቱ ሁለት ጣት ይሆን ነበር። አራት ጣት ነው። ስለዚህ የበራው በሦስት ሰዓት ነው። በሦስት ከበራ በረዶው በአምስት መውጣት ነበረበት፤ አልወጣም። ለምን? የሚያወጣው ሰው ሞቷል። በአምስት ሰዓት ደህና ዋል ያለህ ማን ነው ታዲያ?»

የምክትሉ ፊት አመድ መሰለ። «እኔ… በረዶውን አልነካሁም» አለ።

«አለመንካትህ ነው ያጋለጠህ! ሰው ገድለህ ደንብ አከበርክ!»

ካቴናው እጅ ቀየረ። ሽማግሌው አንጓቸውን እያሹ ወደ እህትየው ዞሩ።

«እትዬ፣ በረዶውን አሁን ላውጣው? ሰዓቱ አልፏል።»

እህትየው ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም። ሄዳ በሩን ከፈተችላቸው።